አሮጌ መኪና ውስጥ የሚገባ ውሃ ከየት እንደሚመጣ አፈላልጎ ስለ ማግኘት

ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ለሦስትና ለአራት ቀን ሳያባራ ሲወርድ፣ ዕድሜው ከ20 ዓመት ያለፈ መኪና ያለው ሰው ጠዋት በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚቀበለው ሽታው ነው፤ ሳይሰጣ ያደረ እርጥብ ጨርቅ የሚመስል፣ ሻጋታ ሻጋታ የሚል ሽታ። መስታወቶቹ ከውስጥ አልበዋል፣ ሞኬቱ እግር ሲያርፍበት ጭቅ ይላል፣ እግሩ ሲነሣ ደግሞ የጫማው ቅርጽ ውሃ ቋጥሮ ይቀራል። ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ የምናደርገው ተመሳሳይ ነው። ጋራዥ ሄደን የፊት መስታወቱን ዙሪያውን ሲሊኮን እናስቀባለን፣ ሞኬቱን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፣ ከዚያም እስከሚቀጥለው ከባድ ዝናብ ድረስ ችግሩ የተፈታ ይመስለናል። ዝናቡ ሲመለስ ውሃውም እዚያው ቦታው ላይ ይገኛል።

ምክንያቱ ውሃ መኪና ውስጥ የሚታይበት ቦታና የሚገባበት ቦታ አንድ የሚሆኑት አልፎ አልፎ ብቻ መሆኑ ነው። በጣራው መጋጠሚያ የገባ ውሃ በፊተኛው ምሰሶ ውስጥ ለውስጥ ወርዶ ከዳሽቦርዱ ሥር ይወጣል፤ በኋላ መብራት ጎማ የገባው በላሜራው ጠርዝ እየተንሸራተተ ሄዶ ትርፍ ጎማው ሥር ይተኛል፤ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ደግሞ ከፊት የገባው ወደ ኋላ ሄዶ ከኋላ መቀመጫው ሥር ይጠራቀማል። ስለዚህ ከመድፈን በፊት መፈለግ የግድ ነው፤ ለፍለጋውም አንድ ረዳት፣ ግማሽ ቀን ጊዜና ትዕግሥት ይበቃሉ። በተለይ ከ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወዲህ ያገለገለ መኪና አስገብቶ መተካት ለአብዛኛው ሰው የማይቀመስ ስለሆነ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለተወሰነ፣ ያለውን መኪና ወለሉ ሳይበሰብስ ማቆየት ዋጋ ያለው ሥራ ሆኗል።

ውሃው የምን ውሃ ነው?

መኪና ውስጥ የተገኘ ፈሳሽ ሁሉ የዝናብ ውሃ አይደለም። የረጠበውን ቦታ በነጭ ሶፍት ተጭነው ይምጠጡና ሶፍቱን በቀን ብርሃን ይመልከቱት፣ በጣትዎ ይዳስሱት፣ ያሽትቱት። ጠርቶ የሚታይ ወይም ትንሽ አፈር የያዘ ከሆነ የዝናብ ወይም የኤሲ ውሃ ነው። ጣት ላይ የሚያጣብቅ፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ ያለው፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም የያዘ ከሆነ ግን ከማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር የሚወጣ ኩላንት ነው፤ ይህ ዓይነቱ ማሞቂያው ሲከፈት የፊት መስታወቱን ቅባት በሚመስል ጉም ይሸፍነዋል። ኩላንት መርዝ ስለሆነ በፍጹም አይቅመሱት፤ ሕፃናትና የቤት እንስሳትም እንዳይደርሱበት ያድርጉ። ከሹፌሩ ፔዳሎች ሥር ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ከተገኘ ደግሞ የፍሪሲዮኑ ወይም የፍሬኑ ዘይት ሊሆን ስለሚችል፣ ዝናቡን ትተው መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ መካኒክ ይጥሩ።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ልማድ ነገሩን ያወሳስበዋል። ብዙ ሰው ራዲያተሩን በቧንቧ ውሃ ብቻ ስለሚሞላ፣ የማሞቂያው ራዲያተር ቢያፈስም ቀለምም ሽታም አይኖረውም፤ ባለመኪናውም ዝናብ ነው ብሎ ዓመት ሙሉ የበር ጎማ ሲቀያይር ይከርማል። በዚህ ጊዜ የሚሻለው ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ጠዋት የተጠባባቂ ውሃ መያዣው ላይ በማርከር ምልክት አድርጎ፣ ለአንድ ሳምንት በየጠዋቱ መመልከት ነው። መጠኑ እየቀነሰ ሄዶ መሬት ላይ ምንም ጠብታ ካልታየ፣ ውሃው ወደ ጋቢናው እየገባ ሊሆን ይችላል። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ትኩስ እያለ መክፈት ፊትን እንደሚያቃጥል ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ቢሆንም በየጊዜው የሚቃጠል ሰው አይጠፋም።

የኤሲ ውሃን መለየት ቀላል ነው። ኤሲ ሲሠራ ከአየሩ ላይ የሚጨምቀው እርጥበት በቀጭን ቱቦ ወለሉን በስቶ ወደ መሬት መውረድ አለበት፤ ለዚህም ነው ሙቀት ባለበት አገር ኤሲ የከፈተ መኪና ከሥሩ የሚያንጠባጥበው። ቱቦው በአቧራና በሸረሪት ድር ሲዘጋ ውሃው በመያዣው ላይ ሞልቶ ከመሪው በተቃራኒ ባለው ተሳፋሪ እግር ሥር ይፈሳል። ዝናብ በሌለበት ቀን፣ አዳማ ወይም አዋሽ ደርሰው ሲመለሱ ብቻ ሞኬቱ የሚረጥብ ከሆነ ሌላ ቦታ አይፈልጉ። ከሥር በኩል የቱቦውን ጫፍ ፈልገው ለስላሳ በሆነ የናይሎን ገመድ ይጥረጉት፤ ሽቦ ከተጠቀሙ ከውስጥ ያለውን ኢቫፖሬተር (አየሩን የሚያቀዘቅዘውን ክፍል) ሊበሱት ይችላሉ።

ቮልስ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ግማሹን መዝለል ይችላል፤ ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተርም ኩላንትም የለውም። ግን የብዙዎቹ ቮልሶች የመስታወት ማጠቢያ ውሃ የሚገፋው ከትርፍ ጎማው በሚመጣ አየር ስለሆነ፣ ያረጀው ቀጭን ቱቦ ሲሰነጠቅ በግፊት የሚረጨው ውሃ ከፊት ኮፈኑ ሥር ወዳለው ክፍል ሊገባ እንደሚችል ያስታውሱ።

መኪናውን ማራቆት

ሞኬቱ ሳይነሣ የሚደረግ ፍለጋ ግምት ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ከሞኬቱ ሥር ድምፅና ሙቀት የሚከላከል ወፍራም ጨርቅ አለ፤ ይህ ጨርቅ እንደ ስፖንጅ ብዙ ሊትር ውሃ ይዞ፣ ላዩ ደርቆ ሳለ ሥሩ ለወራት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በዚህም ምክንያት ዛሬ ያዩት እርጥበት የባለፈው ወር ዝናብ ሊሆን ይችላል። የፊት መቀመጫዎቹ በእያንዳንዳቸው ባሉ አራት ብሎኖች ይፈታሉ፤ በአብዛኞቹ የቶዮታ መኪኖች 14 ቁልፍ ይበቃል። ከመቀመጫው ሥር ሶኬት ካለ ወይም መኪናው ኤርባግ ያለው ከሆነ፣ አስቀድመው የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ነቅለው ቢያንስ 90 ሴኮንድ ይጠብቁ። ከዚያ በበሮቹ መረገጫ ላይ ያሉትን ፕላስቲኮች በካቻቢቴ ሳይሆን ጫፉ በጨርቅ በተጠቀለለ እንጨት ቀስ ብለው ያንሡ፤ ያረጀ ፕላስቲክ ክሊፕ በቀላሉ ይሰበራል፣ ብዙ ጊዜም መርካቶ ሄዶ ተመሳሳዩን ማግኘት ከራሱ ከጥገናው የበለጠ ያደክማል።

ሞኬቱንና ከሥሩ ያለውን ጨርቅ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያስጡ፣ ወለሉን በጨርቅ ያድርቁ፣ ከዚያም ላሜራውን ከዳሽቦርዱ ሥር ጀምሮ በእጅ ባትሪ ይመርምሩት። ውሃ በተደጋጋሚ የወረደበት ቦታ ፊርማውን ይተዋል፤ ቀጭን የአፈር መስመር፣ የዝገት እንባ፣ ወይም ዙሪያው ነጣ ያለ የደረቀ ኩሬ ቅርጽ ይታያል። መስመሩን ከታች ወደ ላይ መከተል ነው። በእኔ እምነት ከሁሉ የሚበልጠው መረጃ ግን የበጋው አቧራ ነው። በጥርና በየካቲት በኮረኮንች መንገድ የተነዳ መኪና አቧራ የገባበትን ቀዳዳ በራሱ ያሳያል፤ የበር ጎማው ላይ፣ የኋላ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ፣ ወይም በገመድ ማለፊያ ውታፍ ዙሪያ እንደ ማራገቢያ የተበተነ ቡናማ አቧራ ካለ፣ በዚያ በኩል ክረምት ላይ ውሃ ሊገባ እንደሚችል ይጠርጥሩ። መኪና በሚታጠብበት ጊዜ ይህ ሁሉ ስለሚጠፋ፣ ፍለጋውን ላባጆ ከመግባት በፊት ማድረግ ይሻላል።

ውሃ ማፍሰስ

አሁን የደረቀው ላሜራ ላይ ጠመኔ ፈጭተው በቀጭኑ ይበትኑ፣ ወይም የሕፃናት ፓውደር ይነስንሱ። አንዲት ጠብታ ስታልፍ ዱቄቱ ላይ ግልጽ መንገድ ትሠራለች። እጅ በማይደርስበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከዳሽቦርዱ ኋላ፣ የሶፍት ቁራጮችን በፕላስተር ይለጥፉ።

አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው ከውጭ ውሃ ያፈስሳል። የላባጆ የግፊት ማሽን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ዝናብ ፈጽሞ በማይገባበት ቦታ ውሃን በግድ ስለሚያስገባ የሌለ ችግር ያሳያል። የሚፈለገው ከቱቦ አፍ ያለ ግፊት ለስለስ ብሎ የሚወርድ ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለምንኖር ደግሞ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከመኪናው ጣራ ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጦ በቀጭን ቱቦ መሳብ በቂ ነው፤ እንዲያውም የሚፈሰውን መጠን ለመቆጣጠር ይህኛው ይመቻል።

ትልቁ ደንብ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት ነው። ከጣራው ከተጀመረ ውሃው መስታወቱንም በሩንም ኮፈኑንም አጥቦ ስለሚወርድ፣ ውስጥ ጠብታ ሲታይ በየትኛው እንደገባ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ የበሩ ታችኛው ክፍል፣ ቀጥሎ የበሩ መስታወት ሥር፣ ከዚያ የፊት መስታወቱ የታችኛው ጠርዝ፣ ከዚያ ጎኖቹ፣ በመጨረሻ ጣራው ይፈተናሉ። በእያንዳንዱ ቦታ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይቆዩ፤ አንዳንዱ ቀዳዳ ከኋላው ያለው ጎድጓዳ እስኪሞላ ድረስ ምንም አያሳይም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለአንድ ደቂቃ አፍስሶ «ይሄ ደህና ነው» ብሎ ያልፋል። መኪናው ሜዳ ላይ ምንም ካላሳየ አፍንጫውን ወደ ታች፣ ቀጥሎም ወደ ላይ አድርገው ያቁሙትና ይድገሙት፤ አዲስ አበባን በመሰለ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ መኪናው ሁልጊዜ በሚያድርበት አኳኋን መፈተኑ ተገቢ ነው።

ውሃ ማፍሰስ ያላሳየውን የሳሙና አረፋ ሊያሳይ ይችላል። መስኮቶችና በሮች ሁሉ ይዘጉ፣ የአየር ማራገቢያው ከውጭ አየር በሚያስገባበት አቅጣጫ ሆኖ በከፍተኛው ፍጥነት ይከፈት፣ ከዚያም ከውጭ በኩል በጎማዎቹና በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ በስፖንጅ ይቀባ። አየር በሚያመልጥበት ቦታ አረፋ ይነፋል። ከኋላ ፓራውልት ጀርባ የሚነፋው አረፋ ግን አያስደንግጥዎ፤ በብዙ መኪኖች የጋቢናው አየር የሚወጣበት መስኮት እዚያ ስለተሠራ ነው። የበር ጎማን ብቻ ለመፈተን ከተፈለገ ደግሞ አንድ ወረቀት በበሩና በጎማው መካከል አድርጎ በሩን መዝጋትና ወረቀቱን መሳብ ይበቃል። ሳይያዝ ሸርተት ብሎ ከወጣ ጎማው አልቋል ወይም በሩ ወርዷል።

እኔ ይህን ሥርዓት የተማርኩት እ.ኤ.አ. በ1997 በተሠራ ኮሮላ ላይ ነው። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከኋላ የውሃ መናወጥ ድምፅ እሰማ ነበር፤ ትርፍ ጎማው ሲነሣ ማስቀመጫው ጎድጓዳ ውስጥ አንድ ጣሳ የሚያህል ውሃ ተኝቶ ነበር። የኋላ ኮፈኑን ጎማ አስቀየርኩ፤ ውሃው ግን አልቀረም። በመጨረሻ ባትሪ ይዤ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ገባሁና የእህቴ ልጅ ከውጭ ጀሪካኑን ያዘ። ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲያፈስስ አንድም ጠብታ አልገባም። «አጎቴ፣ መብራቱ ላይ ላፍስሰው?» አለኝ፤ ተስፋ ቆርጬ እሺ አልኩት። ውሃው መብራቱን እንደነካ ከብሎኑ ሥር አንዲት ጠብታ ብቅ አለች፣ ክብ ሆና ጥቂት ቆየች፣ ከዚያ በቀለሙ ላይ እንደ እንባ ወርዳ የትርፍ ጎማው ጎድጓዳ ውስጥ ገባች። በመብራቱና በላሜራው መካከል ያለው የስፖንጅ ጎማ ደርቆ እንደ ብስኩት የሚፈረፈር ሆኖ ነበር። ዕቃ መጫኛ ውስጥ የሚገባ ሰው የመኪናውን ቁልፍ ከውጭ ላለው ሰው መስጠቱን አይርሳ፤ የድሮ መኪኖች ኮፈን ከውስጥ አይከፈትም።

በብዛት የሚያስገቡ ቦታዎች

ከፊት መስታወቱ ሥር፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ በሚቆሙበት ቦታ አንድ ገንዳ አለ። መስታወቱን አጥቦ የወረደው ውሃ እዚህ ተሰብስቦ በሁለቱ ጫፎች በኩል ከፓራፋንጎው (ከፊት ጎማው በላይ ካለው የጎን ላሜራ) ጀርባ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ወደ ጋቢናው የሚገባው ንጹሕ አየርም የሚሳበው ከዚሁ ገንዳ ነው። ባሕር ዛፍ ወይም ጽድ ሥር የሚያድር መኪና በዓመት ውስጥ ይህን ገንዳ በቅጠል ይሞላዋል። ቅጠሉ ከአቧራ ጋር ተቦክቶ መውረጃዎቹን ሲዘጋ፣ ገንዳው ሞልቶ በአየር ማስገቢያው በኩል እግር ላይ ይፈሳል። ላዩን የሸፈነውን ፕላስቲክ ፈትቶ ቅጠሉን በእጅ ማውጣትና ሁለት ጣሳ ውሃ አፍስሶ በሁለቱም ጎን መሬት ላይ መውረዱን ማየት ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ለሚያድር መኪና ይህን በየዓመቱ ግንቦት ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። ቅጠሉ ከፓራፋንጎው ውስጥ ከተጠቀጠቀ ደግሞ እርጥበቱ የበሩን ምሰሶ ሥር ከውስጥ ስለሚያዝገው ፓራፋንጎውን ከማስፈታት ወደ ኋላ አይበሉ።

ሁለተኛው በር ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ውሃ በር ውስጥ መግባቱ ጉድለት አይደለም። መስታወቱ በሚወርድበትና በሚወጣበት ክፍተት ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ያልፋል፣ በበሩ ሆድ ውስጥ ይወርዳል፣ ከታች ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ይህ ውሃ ወደ ተሳፋሪው እንዳይዞር የሚከለክለው ከበሩ የውስጥ ሽፋን ጀርባ የተለጠፈ ላስቲክ ነው። ታዲያ የመስታወት ማንሻ ሲበላሽ ወይም ቁልፍ ሲያስቸግር መኪናው ጋራዥ ይገባል፤ ሠራተኛው ሽፋኑን ይፈታል፣ ላስቲኩን ይቀድዳል፣ ማንሻውን ይጠግናል፣ ሽፋኑን መልሶ ይገጥማል። ላስቲኩ ግን ቆሻሻ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ዝናብ ውሃው በሽፋኑ ጀርባ እየወረደ፣ ከበሩ ጎማ ወደ ውስጥ በኩል በመረገጫው ላይ አልፎ ሞኬቱ ሥር ይገባል። ባለመኪናው የበር ጎማ ያስቀይራል፤ ጎማው ግን ከውጭ የሚመጣውን እንጂ ከበሩ ሆድ የሚወጣውን አይከለክልም።

መፈተኛው ቀላል ነው። የውስጥ ሽፋኑን ፈትተው በመስታወቱ ሥር አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀስ ብለው ያፍስሱና ከውስጥ በኩል ይመልከቱ። ውሃው በላሜራው ቀዳዳዎች በኩል ወደ እርስዎ ከመጣ ላስቲኩ የለም ወይም ተቀድዷል። ከሥር ያሉት መውጫ ቀዳዳዎችም በጭቃና በቀለም ተደፍነው ከሆነ በሩ ሲንቀሳቀስ እንደ ጀሪካን ይናወጣል፤ በቀጭን እንጨት ይክፈቷቸው፣ በፍጹም ግን አይድፈኗቸው። አዲሱ ላስቲክ መርካቶ በሜትር ከሚሸጠው ወፈር ያለ ፕላስቲክ ሊቆረጥ ይችላል። ከበሩ መጠን ትንሽ ሰፋ አድርገው ይቁረጡት፣ ዙሪያውን በማይደርቀው ጥቁር ማጣበቂያ ይለጥፉት። የታችኛው ጠርዝ ግን እንደ ላይኛው ላሜራው ላይ ብቻ አይለጠፍም፤ በበሩ የታችኛው ክፍተት በኩል ወደ በሩ ሆድ ውስጥ መግባት አለበት፤ አለበለዚያ ላስቲኩ የሰበሰበው ውሃ ሁሉ ተመልሶ ጋቢናው ውስጥ ይወርዳል።

የፊት መስታወት ሁለት ዓይነት አገጣጠም አለው። እንደ ቮልስና እንደ ድሮዎቹ ላንድክሩዘሮች ባሉት መስታወቱ በወፍራም ጎማ ይያዛል፤ ጎማው በፀሐይ ደርቆ ሲኮማተር በማዕዘኖቹ ላይ ክፍት ቦታ ይተዋል። የጎማውን ከንፈር በለስላሳ እንጨት አንሥቶ የማይደርቅ የመስታወት ማሸጊያ ከሥሩ ማስገባት ለጊዜው ይሠራል፤ ጎማው ከተሰነጠቀ ግን ከመቀየር ሌላ መድኃኒት የለውም፤ ሲነሣም ከሥሩ ያለው ላሜራ ዝጎ ሊገኝ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። በኋላ የመጡት መኪኖች መስታወት ደግሞ ዩሪቴን በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ ተጣብቆ የተገጠመ ነው። ይህ ሲያፈስስ መስታወቱን አንሥቶ እንደገና ማጣበቅ ነው ትክክለኛው ሥራ። ከላይ የሚቀባው ሲሊኮን እዚህ ላይ ሁለት ጉዳት ያደርሳል። አንደኛ፣ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት በተጋለጠ ብረት ላይ ዝገትን ያፋጥናል። ሁለተኛ፣ ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ ዩሪቴን በደንብ ስለማይይዝ፣ ነገ መስታወቱን በሥርዓት ልገጥም የሚለው ባለሙያ ግማሽ ቀን ሲፍቅ ይውላል። ሲሊኮንን የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለመታጠቢያ ቤት መልካም ነገር ነው።

ጣራው ላይ በሁለቱ ጎን የሚሄደው ቦይ በላሜራዎቹ መጋጠሚያ ላይ የተቀባ ማሸጊያ አለው፤ ማሸጊያው ሲሰነጠቅ ውሃው በምሰሶዎቹ ውስጥ ይወርዳል፣ የጣራው ጨርቅ ላይም የሻይ ቀለም ያለው ክብ ምልክት ያወጣል። ፖርቶመጋላ በብሎን የታሰረበት ጣራ ደግሞ የእያንዳንዱን ብሎን ሥር ይፈልጋል፤ ሚኒባሶች ላይ ይህ የተለመደ ነው። የአንቴና ሥርም እንዲሁ። ጣራው የሚከፈት መስኮት ያለው መኪና በማዕዘኖቹ ላይ ቀጫጭን መውረጃ ቱቦዎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ማዕዘን ጥቂት ውሃ አፍስሶ መሬት ላይ መውረዱን ማረጋገጥ ይበቃል። የተዘጋውን ቱቦ በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ግን ከመጋጠሚያው ነቅሎ የባሰ ፍሳሽ ያመጣል።

መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረለት መኪና ከሆነ፣ ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ላሜራ ላይ የቀድሞዎቹ ቀዳዳዎች በትክክል መደፈናቸውን ይመልከቱ። በማንኛውም መኪና ላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያልፍባቸው ጎማዎች፣ በተለይ አላርም ወይም ቴፕ ሲገጠም በካቻቢቴ የተበሱት፣ ውሃን ገመዱን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይመሩታል። ሞኬቱ የሚረጥበው በዝናብ ሳይሆን ጎርፍ የያዘ አስፋልት ላይ ሲነዳ ብቻ ከሆነ ግን ወደ ላይ ማየቱን ትተው ወለሉ ላይ ያሉትን የጎማ ውታፎችና የጎማ ቤቱን መጋጠሚያዎች ይመርምሩ።

ማሸግና ማድረቅ

ቀዳዳው ሲገኝ ፈጥኖ መቀባት ያጓጓል። ይሁን እንጂ እርጥብ፣ አቧራማ ወይም ዝገት ያለበት ላሜራ ላይ የሚይዝ ማሸጊያ የለም። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይፈቀቃል፣ በቤንዚን ሳይሆን በአልኮል ይጠረጋል፣ አንቲረስት ይቀባል፣ ከደረቀ በኋላ ለላሜራ መጋጠሚያ የሚሸጠው ማሸጊያ ይከተላል። ብሩሹ ላሜራውን ከበሳው፣ በስቱኮ ሸፍኖ ቀለም መቀባት ውሃውን ከእይታ ያርቀዋል እንጂ አያቆመውም፤ የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። የኋላ መብራት ጎማ ግን ማሸጊያም አያስፈልገው፤ አዲሱን ስፖንጅ አድርጎ ብሎኖቹን በየተራ፣ በእኩል ጥብቀት ማሰር ነው። አንዱ ብቻ ከጠበቀ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል።

ከሞኬቱ ሥር ያለው ጨርቅ ከመኪናው ውጭ፣ ተገልብጦ፣ ሁለትና ሦስት ሙሉ ፀሐያማ ቀን ሊደርቅ ይገባል፤ በክረምት ፀሐይ ስለማይገኝ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተሰጥቶ ሳምንት ቢቆይም አይፈረድበትም። ሻጋታው የበላው ከሆነ ይጣል። በመረገጫዎቹ ሥር የሚያልፉትን የገመድ ሶኬቶች ከፍተው አረንጓዴ ዝገት ካለ በኮንታክት ማጽጃ ያጽዱ፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚበራ የኤርባግ መብራት ወይም በራሱ የሚሠራ የበር ቁልፍ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ለጊዜው ብለው እርጥብ ሞኬት ላይ የጎማ ምንጣፍ አያንጥፉ፤ ላሜራው ከሥር ሲበሰብስ አይታይም።

ሁሉም ነገር ሲደርቅ መቀመጫዎቹን ለመንዳት ያህል በብሎናቸው መልሰው ይሰሩ፣ ሞኬቱን ግን ገና አይመልሱት። ባዶው ወለል ላይ አሮጌ ጋዜጣ ያንጥፉና ሁለት ከባድ ዝናብ ይጠብቁ፤ አንዱ መኪናው ቆሞ ሳለ፣ ሌላው እየተነዳ። ጋዜጣው በማግስቱ ጠዋት ሲነሣ ካልተጨማደደ፣ ቀለሙም ላሜራው ላይ ካልቀረ፣ ያን ጊዜ ሞኬቱ ይግባ፣ የመረገጫዎቹ ፕላስቲኮችም ይገጠሙ።